ሹኪ ተጎታቹን የለመደበት ክረምት

ትናንት ከሰዓት በኋላ ሳህን እያጠብኩ ስልኩ ጮኸ። መምህርት ዘውዲቱ ናቸው፤ በቤርሼቫ፣ ሽኩና አሌፍ በሚባለው ሰፈራችን፣ ማክሰኞ ማክሰኞ የአማርኛ ጽሕፈት ክበብ የሚመሩት።

"የሺ፣ ተቀምጠሻል?" አሉኝ።

"ቆሜያለሁ፣ እጄም ሳሙና ነው።"

"እንግዲያው ግድግዳውን ያዢ። ጽሑፍሽ በመጽሔታችን ይወጣል። ያውም መጀመሪያው ገጽ ላይ።"

ከዚያ በኋላ ያሉትን አልሰማሁም። እንዴት እንደጮህኩ የሰማችው እማ ናት፤ ከመኝታ ክፍል እየሮጠች መጥታ "ምን ሆንሽ? ተቃጠልሽ?" ብላ እጄን ታገላብጥ ጀመር። አባ ከወንበሩ ሳይነሳ "ስለ እኔ የጻፍሽው ከሆነ አስቀድመሽ አንብቢልኝ፤ ስሜን አጥፍተሽ እንዳይሆን" አለ። ሳቅሁ፣ እማን አቀፍኳት፣ ልብሷን በሳሙና አበላሸሁባት፣ እሷም ሳትቆጣኝ ቀረች። ከአራት ዓመት በፊት አንድ ፊደል እንኳ የማላውቅ ልጅ ነበርኩ። አሁን አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ስሜ በፊደል ታትሞ ሊወጣ ነው!

መምህርት ዘውዲቱ ከመሰናበታቸው በፊት አንድ ነገር አዘውኛል። "ሌላ ጻፊ፤ የሰማሽውን ሳይሆን የምታውቂውን።" ዛሬ ጠዋት ደስታዬ ከእኔ ጋር አብሮ ሲነሳ ደብተሬን ይዤ ተቀመጥኩ። የማውቀው ምንድን ነው? ደጋግሜ ሳስበው በደንብ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እንስሳ እንዴት እንደሚማር። ያንን የተማርኩት በአሥራ ሦስት ዓመቴ፣ ከአንድ አህያ ጋር ነው። ደስ የሚል ታሪክ አይደለም። ብዕሬ ግን ወደዚያው ሄደ፤ እኔም ተከተልኩት።

ያኔ ትምህርት ቤታችን ጓሮ ውስጥ፣ ከስፖርት ሜዳው ጀርባ፣ "ፒናት ሃይ" የምንለው የእንስሳት ጥግ ነበር። ጥንቸሎች፣ ሁለት ፍየሎች፣ ስማቸውን የማላውቃቸው ቀለማም ወፎች፣ እና ሹኪ የሚባል ሽማግሌ አህያ። ሹኪ ግራጫ ነው፤ አንድ ጆሮው ጫፉ ላይ ተቆርጧል፤ ማን እንደቆረጠው የሚያውቅ የለም። ክፍል ውስጥ መቀመጥ ሲያስጠላኝ ወደ እሱ እሄድ ነበር። ግንባሩን ስፎክተው ዓይኑን ይጨፍንና የታችኛው ከንፈሩ ይንጠለጠላል። በዚያ ትምህርት ቤት እኔን ሲያይ ደስ የሚለው ማን ነው ብትሉኝ፣ እሱ ነው።

ከበዓለ መጸለት፣ ከዳስ በዓል፣ በኋላ ጥጉ ሊዘጋ ነው ተባለ። ቦታው ላይ አዲስ ክፍሎች ይሠራሉ። ጥንቸሎቹና ፍየሎቹ በአንድ ቀን ሄዱ። ለሹኪም ከጎረቤቷ ከተማ ከዖሜር ማዶ ያለ እርሻ ቦታ ተገኘለት። ችግሩ ሹኪ መኪና አይወጣም። ከመኪና ጋር የሚጎተተውን፣ ከኋላ የሚከፈተውን ተጎታች ሲያይ አራት እግሩን ተክሎ ቀረ። አራት ወንዶች በገመድ ጎተቱት፣ ከኋላም ገፉት። እኛ ከአጥሩ ወዲህ ቆመን እናያለን። መወጣጫው ሳንቃ ላይ ተንሸራቶ በጉልበቱ ወደቀ። ደሙ ግራጫ ጸጉሩ ላይ ጥቁር ይመስል ነበር። ከዚያ አናፋ። አህያ ሲያናፋ የሚስቁ ልጆች ነበሩ፤ ያን ቀን የሳቀ የለም።

የእንስሳት ሐኪሙ ቁስሉን ከሰፋ በኋላ፣ በሚቀጥለው ጊዜ መርፌ ወግተን አፍዝዘን እናወጣዋለን አለ። "ልቡ ግን ያረጀ ነው፤ መርፌውን ላይችለው ይችላል።"

ጥጉን የምትጠብቀው ሲጋል ትባላለች፤ የውትድርና አገልግሎቷን የጨረሰች፣ ማታ ማታ ዩኒቨርሲቲ የምትማር፣ ጥፍሯ ሁልጊዜ ጭቃ የሆነ ልጅ ናት። ሌላው ሰው ሁሉ ሲሄድ ጠራችኝ። በዕብራይስጥ ነው ያወራነው፤ እኔ በአማርኛ ላስቀምጠው።

"እስከ ፋሲካ ጊዜ ለምኛለሁ። ሹኪ የሚወድሽ አንቺን ነው። ተጎታቹን እዚሁ ይተዉልናል። በፈቃዱ እንዲወጣ ታስተምሪዋለሽ?"

"እኔ? እኔ እኮ ከክፍል የምባረር ነኝ።"

"ጥሩ ነው፤ ጊዜ አለሽ ማለት ነው" አለችና እጄ ላይ አንዲት ትንሽ ፕላስቲክ አኖረች። በአውራ ጣት ሲጫኗት "ጠቅ" ትላለች።

ዘዴው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ምንም አታዝዢውም። ጠቅ ታደርጊና ቀጭን የካሮት ቁራጭ ትሰጪዋለሽ። ጠቅ፣ ካሮት። ጠቅ፣ ካሮት። ከሦስት ቀን በኋላ ጠቅታዋን ሲሰማ ሁለቱም ጆሮዎቹ፣ ሙሉውም ቆራጣውም፣ ወደ እኔ ይዞሩ ጀመር። ከዚያ ከተጎታቹ ሩቅ እንቆማለን። እኔ እጠብቃለሁ። ወደ ተጎታቹ ዞር ብሎ ካየ፣ ማየት ብቻ፣ ጠቅ። ሲለምደው ማየት ብቻ ካሮት አያሰጥም፤ አንድ እርምጃ መራመድ አለበት። ቀጥሎ ሁለት። ከፈራና ወደ ኋላ ካለ አልቆጣውም፤ ትናንት ወደቻለው ቀለል ያለ ነገር እመልሰውና ከዚያ እጀምራለሁ። "ያልቻለ ቀን፣ ጥያቄው ከብዶበት ነው" ትል ነበር ሲጋል። እንዲህ ያለ ሕግ ለእኛም ክፍል ቢኖረን ብዬ ስንት ጊዜ ተመኘሁ።

ክረምት ነበር፤ ክረምት የምለው የዚህን አገር ነው። ቤርሼቫ ላይ ዝናቡ ትንሽ፣ አቧራው ብዙ ነው፤ ሰማዩ እንደ ቆየ ሽሮ ቡናማ ሆኖ ይውላል፣ ከዚያ ለአሥር ደቂቃ ይዘንብና መስኮቱ ላይ ጭቃ ትቶ ይሄዳል። በየቀኑ ከትምህርት በኋላ በብርዱ ቆሜ ካሮት እቆርጣለሁ። ልጆቹ በአጥሩ በኩል ሲያልፉ ይለክፉኛል። "ያኤል፣ አህያው በሂሳብ ስንት አገኘ?" "ካንተ ይበልጣል" እላለሁ፤ ያኤል የትምህርት ቤት ስሜ ነው።

እማ ነገሩን ስትሰማ አዘነች። ዖሜር ውስጥ አንዲት አሮጊት ትንከባከባለች፤ ሥራ ማለት ምን እንደሆነ ታውቃለች። "ይህችን ለምታክል ካሮት ያን ሁሉ ሥራ? ነውር አይደለም? መጀመሪያ ይብላ፣ ከዚያ ይታዘዛል" ብላ የሰንበቱን ዳቦ ግማሹን ጠቅልላ ሰጠችኝ። እኔም የእናቴ ልጅ ነኝ፤ አንድ ቁራጭ ሰጥቶ ማቆም አልሆነልኝም፤ አንድ ጉርሻ ያጣላል ተብሎ አይደል የተማርነው? ሁለት፣ ሦስት እያልኩ ሁሉንም አበላሁት። ሹኪ ጠገበና ዓይኑን ጨፍኖ ተኛ። ያ ቀን ባከነ። ሲጋል ዳቦውን ስታውቅ እስክታለቅስ ሳቀች።

አባ ግን አልሳቀም። አባ በዚያን ጊዜ በምንም አይስቅም ነበር። ፋብሪካ ውስጥ ወገቡ ከተጎዳ ወዲህ ቤት ነው የሚውለው፤ በመስኮቱ መንገዱን ያያል፣ መንገዱ ላይ የሚያየው የለም። በዕብራይስጥ የተጻፈ ደብዳቤ ሲመጣ ለእኔ ይሰጠኛል፤ እኔ አንብቤ በግማሽ አማርኛ እነግረዋለሁ። እሱ በአማርኛ ይጠይቀኛል፣ እኔ በዕብራይስጥ እመልስለታለሁ። ምን ያህሉን እንደሚሰማ አላውቅም ነበር፤ እውነቱን ለመናገር፣ ግድም አልነበረኝም።

አንድ ቀን ከሐኪም ሲመለስ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ አገኘሁት። ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፏል። ሹኪ ሁለቱን የፊት እግሮቹን ሳንቃው ላይ አውጥቶ ቆሟል።

"ዳለቻ ነው" አለ አባ፣ ቀለሙን አይቶ። "ማን ነው የሚገራው?"

"አኒ" አልኩት፤ እኔ ማለቴ ነው።

"ያለ ዱላ?"

"ያለ ዱላ።"

ጠቅ አደረግሁ፣ ካሮት ሰጠሁ፣ እግሩን ትንሽ ሲያራምድ ደግሞ ጠቅ። አባ እያንዳንዷን በዓይኑ ይከተላል። በማግስቱም መጣ። በሦስተኛው ቀን አጥሩን በሁለት እጁ ይዞ፣ በዚያ ዓመት ከሰማሁት ሁሉ የረዘመ ነገር ተናገረኝ።

"እኛም ወይፈን ስንገራ በትንሽ በትንሹ ነበር። መጀመሪያ ቀንበሩን ያሸተዋል፣ ከዚያ ባዶውን ይሸከማል፣ ቀጥሎ ከአዋቂው በሬ ጋር ይጠመዳል። በጨው ነበር የማባብለው። ግን አንድ የቀረሽ ነገር አለ፣ የሺ። ወይፈኑ ከለመደ በኋላ ጎረቤቴን እጠራና፣ 'ና፣ ጥራልኝ' እለዋለሁ። ወይፈኑ ይሄድለታል። የጎረቤቴ እጅ ባዶ ነው። እኔ ስጠራው ጨው አለ። እሱ ሲጠራው ባዶ። እንዲህ እያልን፣ ለሌላ ሰው ድምፅ ንቅንቅ የማይል እስኪሆን። አገሩ ሌባ ነበረበት። በሬ ለሁሉም ሰው መሄድ የለበትም።"

ምን አልኩት? ዛሬ ይህን መጻፍ ከሁሉ ይከብደኛል። "አባ፣ ፖ ዜ ሎ ሻም" አልኩት፤ እዚህ እዚያ አይደለም ማለት ነው። ያውም ፊቴን ወደ ሹኪ አዙሬ።

"እውነትሽን ነው" አለ በቀስታ።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሹኪ እኔ ስመራው ሙሉ በሙሉ ተጎታቹ ውስጥ ገብቶ፣ ተረጋግቶ፣ ካሮቱን እያኘከ ይቆም ጀመር። ሲጋል አቅፋ አዞረችኝ። "አሁን የቀረው አንድ ነገር ነው" አለች። "ለአንቺ ብቻ መውጣቱ አይበቃም። የሚወስደው ሹፌር አያውቀውም። ማንም አፍሳሩን ይያዝ፣ መውጣት አለበት።" ስለዚህ የክፍሌን ልጆች በየተራ አስገባናቸው። ያ ስለ ሂሳብ የለከፈኝ ልጅ ሳይቀር መራው። ጽዳት ሠራተኛዋ መራችው። ዘበኛው ባርኔጣ አድርጎም ሳያደርግም መራው። ለእያንዳንዱ ሹኪ ጆሮዎቹን አቅንቶ ተከተለ፤ ኮቴው ሳንቃውን ዷ ዷ እያደረገ ወጣ፤ ለእያንዳንዱ ጠቅ፣ ካሮት። በመጨረሻ ጠቅታውም ካሮቱም አልፎ አልፎ ብቻ ሆኑ። ግንባሩን መንካት በቂ ነበር።

በዚያ ሳምንት አባ ከአጥሩ ወዲያ ቆሞ ሁሉንም አየ። ወደ ቤት አብረን ስንሄድ ለብቻው እንደሚናገር ሰው "ለሁሉም የሚሄድ ከብት የማንም አይደለም" አለ። ከዚያ ቀን በኋላ ወደ አጥሩ አልመጣም።

ሊወስዱት የመጡት ከፋሲካ ዕረፍት በፊት ነው። ሐኪሙ መርፌውን በቦርሳው ይዞ ቆሟል። ሹፌሩ ትልቅ ሰው ነው፤ ሲጋራውን ጥሎ ረገጠና አፍሳሩን ያዘ። ሹኪ አንዴ ወደ እኔ አየ። ከዚያ የማያውቀውን ሰው ተከትሎ፣ አንዴም ሳያመነታ፣ ወጣ። ጓሮው በጭብጨባ ተሞላ። ርእሰ መምህሯ፣ ስሜን ከቅጣት ወረቀት ሌላ ጠርታው የማታውቀው፣ "ያኤል፣ ኮል ሃካቮድ!" አለችኝ፤ ጎበዝ ማለቷ ነው። ሐኪሙ ቦርሳውን ሳይከፍት ሄደ። የተጎታቹ በር ሲዘጋ አለቀስኩ፣ ግን የደስታ ነበር። በሕይወቴ አንድ ነገር ጀምሬ ስጨርስ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

ስለ እርሻው የማውቀው "መጥተሽ ማየት ትችያለሽ" መባሌን ብቻ ነው። አውቶቡስ እዚያ ድረስ አይደርስም። በጋው ገብቶ ትምህርት ሲዘጋ፣ እማ ወደ ሥራዋ ስትሄድ አብሬያት ከታሃና መርካዚት፣ ከዋናው የአውቶቡስ መናኸሪያ፣ ተሳፈርኩ። ዖሜር ስንደርስ እሷ ወደ አሮጊቷ ቤት ገባች፣ እኔ ውኃና አንድ ኪሎ ካሮት ይዤ በእግሬ ቀጠልኩ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። አስፋልቱ ካለቀ በኋላ ያለው መንገድ አቧራ ነው፤ በሁለቱም በኩል የታጨደ ስንዴ፣ ቢጫ ቃርሚያ ብቻ።

የእርሻው ባለቤት ጎንበስ ያለች፣ ዓይኗ ደግ የሆነ ሴት ነበረች። ማን እንደሆንኩ ስነግራት እጇን አፏ ላይ አደረገች።

"አልነገሩሽም?"

ሹኪ ተሰርቆ ነበር። ማን እንደወሰደው እስከ ዛሬ አይታወቅም። ሌቦቹ ሦስቱንም አህዮች ሊወስዱ ነበር የመጡት አለችኝ። ሁለቱ በረቱን በእርግጫ ሰባብረዋል፤ አንደኛዋ ገመድ በጥሳ ሜዳው ላይ ተገኝታለች። እነዚያን መጫን አልቻሉም። "የእናንተው ግን" አለችና ቆም አለች። "ኮቴው መሬቱ ላይ ቀጥ ብሎ ይታይ ነበር። አልጎተቱትም። በእግሩ ሄዶ ነው የወጣላቸው።"

ሁለቱ አህዮች በተጠገነው በረት በኩል አንገታቸውን አውጥተው ካሮቱን አዩት። ሰጠኋቸውና ተመለስኩ። በመንገዱ ላይ ሳስብ የነበረው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሹኪ ወደ እኛ ሲመጣ እምቢ ማለትን ያውቅ ነበር። አራት ወንድ በገመድ ሊያስለቅቀው ያልቻለውን፣ እኔ በካሮት፣ ቀስ በቀስ፣ አንድ እርምጃ ሌላ እርምጃ እያልኩ ወሰድኩበት። ዛሬም የማየው ይህ ነው፤ አንድ የማላውቀው ጨለማ መኪና ውስጥ፣ ሁለት ጆሮዎቹን አቅንቶ፣ በትክክል ለሠራው ነገር ጠቅታ እየጠበቀ።

ቤት ስገባ አባ መስኮቱ ጋ ነበር። በዕብራይስጥ ጀመርኩ፤ ቃሉ አልመጣልኝም። በአማርኛ፣ በተሰባበረው አማርኛዬ፣ ሁሉንም ነገርኩት። "አንተ ነግረኸኝ ነበር" አልኩት። ቢቆጣኝ፣ "አላልኩሽም?" ቢለኝ ይሻለኝ ነበር።

"መርፌውን ሳይወጋ ቀረ አይደል?" አለ አባ። "ያስተማርሽው መልካም ነው። ጎዶሎ ነበር እንጂ። እኔም አንዴ ተናግሬ ዝም አልኩ። አባት ሆኜ ከአጥሩ ወዲያ መቆም አልነበረብኝም።"

አባ ፊቴ አልቅሶ አያውቅም፤ ያን ቀንም አላለቀሰም። አጠገቡ ተቀመጥኩና "እንግዲያው ሙሉውን ንገረኝ" አልኩት። የወይፈኑን ነገር ከመጀመሪያው ጀመረ። ግማሹ ቃል አልገባኝም። "ቆይ፣ ምራን ምንድን ነው? ጃንደራ ምንድን ነው?" እላለሁ፤ የበሬ መጥመጃ ዕቃ ስሞች ናቸው። ወረቀት አምጪ አለና፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመን በተማረው በተንጋደደ ጽሕፈት ቃሉን ጻፈልኝ። እኔ ማንበብ አልቻልኩም። "ይህ 'ጃ' ነው" አለ። ፊደልን የጀመርኩት እንዲያ ነው፤ ከ"ሀ" ሳይሆን ከ"ጃ"።

ይህን ጽሑፍ ከመላኬ በፊት ዛሬ ለአባ አነበብኩለት። ስለ ራሱ ያለውን ክፍል ሳያቋርጠኝ ሰማ። ስጨርስ "ወይፈን ስትጽፊ አንድ ነገር ረስተሻል፤ ጨው ከመስጠትሽ በፊት እጅሽን ማራስ አለብሽ" አለ። ልጨምረው ነበር፣ በኋላ ግን እንዲሁ እዚህ መጨረሻ ላይ ይቀመጥ አልኩ። ደስታዬ ዛሬም አለ፤ አልዋሽም። ግን ደስታዬን ሳየው ከሥሩ ያ አቧራማ መንገድ አለ። ከሹኪ ጋር የሄደውን ማንም አይመልስልኝም፤ እኔ በዕብራይስጥ መልሼ ያቋረጥኩት የአባ ንግግር ግን፣ ስንቱ እንደሆነ እንጃ፣ ጥቂቱ ተመልሷል።

መምህርት ዘውዲቱ "ሰው ይዘሽ ነይ" ብለውኛል። እኔም ለእናንተ አስተላልፋለሁ። ማክሰኞ፣ በዚህ አገር ሰዓት አምስት ላይ፣ በወላጆቻችን ሰዓት አሥራ አንድ፣ እንሰበሰባለን። መጻፍ ካልቻላችሁም ኑ፤ እኔም አልችልም ነበር። ብቻችሁን ግን አትምጡ። ቤታችሁ መስኮት ጋ የሚቀመጠውን ሰው ይዛችሁ ኑ። እዚህ ሳይመጣ በፊት ምን መሥራት ያውቅ እንደነበር መንገድ ላይ ጠይቁት፤ ሲመልስላችሁ ደግሞ አታቋርጡት።